የስም መጥሪያውና የልጆች ደኅንነት፦ በአሶሳና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ትምህርት ቤቶች

በትምህርት ቤት ልጆችን ከጉዳት የመጠበቅ ኃላፊነት ሁለት ፊት አለው። የመጀመሪያው ትምህርት ቤቱ ራሱ ልጅ የሚጎዳበት ቦታ እንዳይሆን ማድረግ ነው፤ መምህሩ እንዳይደበድብ፣ ትልቁ ተማሪ ትንሹን እንዳያስፈራራ፣ መጸዳጃ ቤቱ መዝጊያ እንዲኖረው። ሁለተኛው ከአጥሩ ውጭ በልጁ ላይ የሚደርሰውን አስተውሎ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ነው። መምህር ፖሊስ አይደለም፤ ዳኛም ሽማግሌም አይደለም። ከወላጅ ቀጥሎ ግን ልጅን በየቀኑ በስሙ እየጠራ የሚያይ ሌላ ሰው የለም። ጤና ጣቢያ ልጅን የሚያየው ሲታመም ነው፤ ፖሊስ የሚደርሰው ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። የስም መጥሪያ የያዘው መምህር ልጁ ትናንት እንደነበረና ዛሬ እንደሌለ ገና በማለዳ ያውቃል። በአሶሳና በመላው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የልጆች ጥበቃ ሥራ መጀመር ያለበት ከዚህ መዝገብ ነው።

ኃላፊነቱ ከመምህሩ ደግነት ሳይሆን ከሕግ የሚመነጭ ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርን ደግሞ በ1995 ዓ.ም. አጽድቃለች። ሁለቱም ከ18 ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ሕፃን ይሉታል። በዕለት ተዕለት አማርኛ ሕፃን የሚባለው ገና የሚታዘል ልጅ በመሆኑ፣ ጢሙ ማቀምቀም የጀመረ የ9ኛ ክፍል ተማሪ በዚህ ስም ሲጠራ ለብዙ ሰው አይዋጥለትም። አለመዋጡ ጉዳት አለው፦ ላይ ላዩን ሲታዩ ጎረምሳና ኮረዳ የሚመስሉ ተማሪዎች ጥበቃ የማይገባቸው ተደርገው ይቆጠራሉ፤ በተለይ ሴቶቹ።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ለትምህርት ቤት በቀጥታ የሚናገር ሕግ ነው። ልጅ በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ ከአካል ቅጣት፣ ከጭካኔና ኢሰብዓዊ ከሆነ አያያዝ ነፃ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራም ይከለክላል፤ ልጅን በሚመለከት በሚወሰን ማናቸውም ነገር የልጁ ጥቅም በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ ቅጣቱን ያስቀምጣል። ዕድሜው ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለ ልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ጥቃት ከ3 እስከ 15 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ባለ ልጅ ላይ ሲሆን ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ልጁ የአጥፊው ተማሪ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። ሕጉ መምህርነትን እንደ አደራ ስለሚያየው አደራ የበላውን አብልጦ ይቀጣል። ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ጠለፋና የሴት ልጅ ግርዛትም በዚሁ ሕግ ወንጀል ናቸው።

ቤኒሻንጉል ጉሙዝ አንድ ዓይነት ሕዝብና አንድ ዓይነት ኑሮ ያለበት ክልል አይደለም፤ የልጆች ጥበቃም በአንድ ልክ ተሰፍቶ ለሁሉም የሚለበስ አይሆንም። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የክልሉ ነባር ብሔረሰቦች ናቸው። ከእነርሱ ጋር አማራው፣ ኦሮሞው፣ አገውና ሌላውም ለረጅም ዘመን ኖሯል። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች በሰፈራ የመጡት በአሶሳ ዙሪያና በፓዌ ሰፍረዋል፤ መንደሮቻቸው ዛሬም “አምባ” ወይም “መንደር” ከሚል ቃል ቀጥሎ በሚመጣ ቁጥር ይጠራሉ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 784 ሺህ ገደማ ነበር። ይህ ሕዝብ በሰፊ ቆላ ላይ ተበትኖ ስለሚኖር ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ረጅም መንገድ ይሄዳሉ፤ በክረምት ወንዝ ይሞላባቸዋል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በከማሺና በመተከል ዞኖች በተከሰተው ግጭት ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ተጎድተዋል፤ ብዙ ልጆችም ከቀያቸው ተፈናቅለው ዓመታት አባክነዋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከፈነዳ በኋላ በኩርሙክ በኩል ስደተኛ ቤተሰቦች ገብተዋል። ከዚያ በፊትም ሸርቆሌ፣ ባምባሲና ጾሬ ላይ የስደተኛ ጣቢያዎች ነበሩ። በአሶሳ ዞን ያለ መምህር ፊቱ ላይ የተቀመጡት ልጆች ምን አይተው እንደመጡ ሁልጊዜ ላያውቅ ይችላል።

ከግቢው ውስጥ ይጀመር። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሥር የሰደደው ጉዳት ዱላ ነው፤ ሥር የሰደደበትም ምክንያት ጉዳት መስሎ ስለማይታይ ነው። ወላጅ ልጁን ሲያስመዘግብ “ቅጣልኝ፣ ሰው አድርግልኝ” ብሎ ለመምህሩ ይሰጣል። አርጩሜ፣ ጎማ፣ ጆሮ መቆንጠጥ፣ በጠጠር ላይ ማንበርከክ፣ አርፍዶ የመጣን ተማሪ በሰልፍ ፊት ማቆምና መስደብ በየቦታው የታዩ ነገሮች ናቸው። ያንግ ላይቭስ የተባለው በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም የልጆችን ሕይወት ለዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከጠየቃቸው የ8 ዓመት ልጆች 38 በመቶ የሚሆኑት ባለፈው አንድ ሳምንት ብቻ በመምህር መመታታቸውን መዝግቧል። ጥናቱ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን አላካተተም፤ ሆኖም በአዲስ አበባና በሌሎች ክልሎች የታየው እዚህ የለም ብሎ ለማሰብ የሚያበቃ ምክንያት አይገኝም።

በሕጉ ላይ ብዙ መምህራን የሚጠቅሱት ክፍተት አለ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 በኃላፊነቱ ሥር ያለን ልጅ የሚያንገላታ፣ አቅሙ የማይችለውን ሥራ የሚያሠራ ወይም የሚደበድብ ሰው እንደሚቀጣ ይገልጻል፤ ነገር ግን ወላጅ ወይም መሰል ኃላፊነት ያለበት ሰው ለመልካም አስተዳደግ ብሎ የሚወስደውን ሕግ ያልጣሰ የእርምት እርምጃ ከቅጣት ውጭ ያደርገዋል። “እኔም እንደ ወላጅ ነኝ” የሚለው መምህር የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ማረፊያው ግን አይጸናም። የተፈቀደው እርምጃ ሕግ ያልጣሰ መሆን አለበት፤ የበላይ ሕግ የሆነው ሕገ መንግሥት ደግሞ ትምህርት ቤትን በስም ጠርቶ የአካል ቅጣትን ከልክሏል። ከዚህ ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ ሕጋዊ ሳይሆን የሙያ ነው፦ 70 እና 80 ተማሪ በሚታጎርበት ክፍል ዱላ የጣለ መምህር በምን ይቆጣጠራል? ይህ ጥያቄ ንቀት አይገባውም። መልሱ የሚገኘው ቦታ በመቀየር፣ የክፍሉን ደንብ ከተማሪዎች ጋር በማውጣት፣ ያጠፋው ተማሪ የቀረበትን ትምህርት እንዲያካክስ በማድረግ፣ ወላጅ በመጥራት፣ ከሁሉም በላይ ዩኒት ሊደሩና ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ዱላ ይዘው በር ላይ ባለመቆም ነው። አርጩሜ የያዘ ርዕሰ መምህር ባለበት ግቢ መምህርን ስለ ዱላ ማሠልጠን ከንቱ ድካም ነው። የሚመታ ልጅ ደግሞ ሌላም ጉዳት ሲደርስበት አይናገርም፤ የሚመታው ሰው ዘንድ ሄዶ ምሥጢሩን የሚያወጣ ልጅ የለምና።

የጾታ ጥቃት በትምህርት ቤት ውስጥ የራሱ ስፍራና ሰዓት አለው። ትምህርት ሚኒስቴር በ2006 ዓ.ም. ከትምህርት ቤት ጋር የተያያዘ ጾታዊ ጥቃትን ለመከላከል ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ብዙውን ነገር ይዟል፤ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ግን ሁልጊዜ አይታይም። በጥሬው ግቢው ምን እንደሚመስል ማየት ይበቃል። በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች መጸዳጃ ቤቱ በሽመል የታጠረ፣ በሩ የተገነጠለ ወይም ጭራሽ ያልነበረው፣ ከመማሪያ ክፍሎቹ ርቆ በሣር መሀል ያለ ነው። ሴት ልጅ እዚያ ብቻዋን አትሄድም፤ ጓደኛዋን ታስከትላለች፣ ወይም እስከ ቤቷ ትችላለች፣ ወይም በወር አበባዋ ቀናት ትቀራለች። በአንዳንድ የጉሙዝ አካባቢዎች ሴት ልጅ በወር አበባዋ ወቅት ከቤት ተለይታ እንድትቆይ የሚያደርግ ልማድ አለ፤ እዚያ ላይ የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ መዝጊያ ሲያጣ ቀሪነቱ ይደራረባል። የውስጥ መቀርቀሪያ ያለው በር፣ ውኃና የንጽሕና ማስቀመጫ ሣጥን የያዘ ለሴቶች የተለየ ክፍል የጥበቃ ሥራ እንጂ የግንባታ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ሌላው ስፍራ ልጅ ከአንድ ጎልማሳ ጋር ብቻውን የሚሆንበት ነው፦ ከሰዓት ፈረቃ በኋላ የቢሮ ጽዳት፣ የመምህር ቤት ውኃ ማመላለስ፣ “ደብተሩን ቤቴ አምጪልኝ” የሚል መልእክት፣ በፈተና ውጤት የሚደረግ ማባበልና ማስፈራራት። ልጆችን ወደ መምህር መኖሪያ መላክ በቀጥታ መከልከል ያለበት ነገር ነው፤ ለበጎ ነው ተብሎም መፈቀድ የለበትም። የግል ማጠናከሪያ ትምህርትም ቢሆን በሩ በተከፈተ ክፍል፣ ለሌላ መምህር ታውቆ ይሰጥ። ደንቡ መምህራንን ብቻ ሳይሆን ጥበቃዎችን፣ ተላላኪዎችን፣ ለግንባታ የሚመጡ የቀን ሠራተኞችንና ፎቶ አንሺ እንግዶችን መያዝ አለበት። ለእርዳታ የመጡ ሰዎች የተፈናቀለን ልጅ ከነስሙ ከነመንደሩ ፎቶ አንስተው በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ሲለጥፉ ልጁን ከለላ ካገኘበት ቦታ መልሰው ያወጡታል።

ከአጥሩ ውጭ ያለው ደግሞ በወቅት ይለዋወጣል። የስም መጥሪያውን ለዓመት አገላብጦ ለሚያይ ሰው ይህ በግልጽ ይነበባል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ረድፎቹ ሙሉ ናቸው። መኸር ሲገባ የወንዶቹ ረድፍ ይቦዳደሳል። በጋው ሲጠናና አፈሩ ሲደርቅ በሸርቆሌ፣ በመንጌና በኩርሙክ በኩል ወርቅ ወደሚቆፈርባቸው ቦታዎች ልጆች ይሄዳሉ፤ በዚያ ወቅት ቀሪነቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ከአንድ መንደር በመጡ ልጆች ላይ ይከማቻል። ጥር ሲገባ የሰፋሪዎቹ ልጆች ስም ላይ፣ በተለይ በ6ኛና በ7ኛ ክፍል ሴቶች ዘንድ፣ ድንገት የቆመ ረድፍ ይታያል፦ እስከ አንድ አርብ ድረስ የተገኘች፣ ከሰኞ ጀምሮ የሌለች። እንዲህ ዓይነቱ ረድፍ ከበሽታ ይልቅ የሠርግ ምልክት ነው። በበሽታ የሚቀር ልጅ ይመላለሳል፤ የተዳረች ልጅ ግን አንዴ ትቆማለች።

በ2008ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል 40 በመቶው ከ18 ዓመት በፊት አግብተዋል። በዚሁ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች መካከል ግርዛት የተፈጸመባቸው በአገር ደረጃ 65 በመቶ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ 63 በመቶ ገደማ ነበሩ። የተሻሻለው የ1992 የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ዕድሜዋ 13 ዓመት የሞላት ልጅ ከተዳረች እስከ 3 ዓመት፣ ያልሞላት ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል።

በጉሙዝ ማኅበረሰብ የሚታወቀው የልውውጥ ጋብቻ ለትምህርት ቤት የተለየ ፈተና ነው። አንድ ወጣት ሚስት የሚያገኘው እህቱን ወይም የቅርብ ዘመዱን ለሌላው ወገን በምትክ በመስጠት ነው። ሁለቱ ጋብቻዎች የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲፈርስ ሌላውም ይናጋል፤ አንዷ ብትሞት ወይም ብትኮበልል ዕዳ ይቀራል፤ ዕዳውም በጎሳዎች መካከል ጠብ ሊያነሳ ይችላል። ስለዚህ አንዲት የ5ኛ ክፍል ልጅ ከትምህርት ገበታ የምትጠፋው ለእርሷ ባል ተፈልጎ ላይሆን ይችላል፤ ወንድሟ ሚስት ስለፈለገ ነው። ይህን የማያውቅ መምህር የልጅቱን አባት ስለ ልጅቱ ብቻ ቢያናግር መልስ አያገኝም። ስለ ወንድሟ መጠየቅ አለበት። ሥርዓቱ ለዘመናት ሁለት ወገኖችን ያስተሳሰረ መሆኑ እውነት ነው፤ የልጅቱ ፈቃድ አለመጠየቁም እንዲሁ እውነት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ጋብቻን በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ ስለመሠረተው ልማዱ ከዚህ በላይ ሊቆም አይችልም።

ወርቅ ማውጣቱ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ ወደ 15 ዓመት ከፍ አድርጓል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትንም አደገኛ ከሆነ ሥራ ያግዳል። በባህላዊ መንገድ ተቆፍሮ የሚወጣው ወርቅ ግን ደመወዝና ውል የሌለው የቤተሰብ ሥራ ነው። ሰብሉ ያልደረሰለት ቤተሰብ ልጁን ይዞ ጉድጓድ ሲወርድ ሕግ እየጣሰ መሆኑ አይታየውም፤ የሚታየው የዕለት ጉርሱ ነው። አፈሩ ሲናድ ግን ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ልጅ ከአዋቂ አይለይም። እዚህ ላይ ትምህርት ቤት ማድረግ የሚችለው ከወቀሳ ይልቅ ድርድር ነው፦ ልጁ ጉድጓድ እንዳይገባ፣ በፈረቃ እንዲማር፣ የምገባ ፕሮግራም ባለበት ትምህርት ቤት ቤተሰቡ እንዲያውቀው። የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት፣ ወተመህ የሚባለው፣ እና የቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ለዚህ የተሻሉ ናቸው፤ የመንደሩን ሰው የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ሌላው ብዙም የማይወራለት ቡድን ከገጠር መጥተው በአሶሳ፣ በባምባሲ ወይም በግልገል በለስ ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆች ናቸው። ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ስንቃቸውን በየሁለት ሳምንቱ ከቤት ያመጣሉ። ወላጅ አጠገባቸው የለም፤ ከአከራይ በቀር በማታ ማን በራቸውን እንደሚያንኳኳ የሚያውቅ የለም። አንዳንዶቹ ደግሞ በዘመድ ቤት ተጠግተው ከትምህርት በፊትና በኋላ የቤት ሠራተኛ ናቸው። የሚያንቀላፋ፣ ሁልጊዜ የሚያረፍድ፣ የቤት ሥራ የማይሠራ ተማሪ ከመገረፉ በፊት የት እንደሚያድር ሊጠየቅ ይገባል። በመስከረም ምዝገባ ላይ እያንዳንዱ ተማሪ ከማን ጋር እንደሚኖር መመዝገብ ብዙ ወጪ የሌለው፣ ብዙ የሚያድን ሥራ ነው።

አለመመዝገብ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት ሩቅ አገር መሄድ ይጠቅማል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ለንደን ውስጥ ቪክቶሪያ ክሊምቢ የተባለች ከኮትዲቯር የመጣች የ8 ዓመት ልጅ በአሳዳጊዎቿ ድብደባና እንግልት ሞተች። ጉዳዩን የመረመረው የሎርድ ላሚንግ ጉባኤ በ2003 ባወጣው ሪፖርት ሆስፒታሎች፣ ማኅበራዊ ሠራተኞችና ፖሊሶች ልጅቱን በተለያየ ጊዜ እንዳዩዋት፣ ማንም ግን የሌላውን መረጃ ከራሱ ጋር አገናኝቶ እንዳላየ አሳየ። በእንግሊዝ አገር በነበረችባቸው ወራት ትምህርት ቤት አልተመዘገበችም። ማለዳ ማለዳ ስሟን የሚጠራ፣ ስትቀርም “የት ሄደች?” የሚል አንድም ሰው አልነበረም። ሀብትና ተቋም በሞላበት አገር የጎደለው አንድ የስም መጥሪያ መዝገብ ነበር።

በመዝገቡ የታየ ቀሪነት ወዴት ይሄዳል? ልጁ ለሦስት ተከታታይ ቀናት ከቀረ የክፍሉ ኃላፊ መምህር ከመንደሩ የሚመጡ ልጆችን ይጠይቃል፤ ከሳምንት በላይ ከሆነ ወተመህ ቤት ይሄዳል፤ ጋብቻ፣ ግርዛት ወይም ጥቃት የሚጠረጠር ከሆነ ግን ማንኛውም ቀን ሳይጠበቅ በዕለቱ ለተመደበው ሰው ይነገራል። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ የጥበቃ ተጠሪ መምህር ከነምትኩ ሊኖረው ይገባል፤ ብዙ ጊዜ የሴቶች ክበብን የምትመራው መምህርት ትሆናለች። ተጠሪዋ ሴት መሆኗ ብቻውን አይበቃም። በርታኛ ወይም ጉሙዝኛ ብቻ አጥርታ የምትናገር የ2ኛ ክፍል ልጅ በአማርኛ የሆነባትን አትገልጽም፤ የክልሉ ትምህርት ቤቶች በመጀመሪያ ክፍሎች በበርታ፣ በጉሙዝና በሺናሻ ቋንቋ ማስተማራቸው ለዚህ ትልቅ አቅም ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአስተያየት ሣጥንም ጽሕፈት ላልለመደ ልጅ ምንም ነው።

ልጅ ሊናገር ሲመጣ የሚደረገውና የማይደረገው በጥቂት ዓረፍተ ነገር ይነገራል፤ መተግበሩ ግን ልምምድ ይሻል። መምህሩ ያዳምጣል፤ አይደናገጥም፣ አይቆጣም፣ “ለምን ሄድሽ?” አይልም። ለማንም አልናገርም ብሎ ቃል አይገባም፤ ሊረዱ ከሚችሉ ሰዎች በቀር ለማንም እንደማይነግር ይገልጻል። ዝርዝር ለማውጣት ደጋግሞ አይጠይቅም፤ ልጅን በምርመራ ማድከም የሐኪምና የፖሊስን ሥራም ያበላሻል። ሲጨርስ ልጁ በተናገረበት ቃል፣ ቀንና ሰዓት አስፍሮ ይጽፋል። የግብረ ሥጋ ጥቃት ከሆነ ሰዓት ይቆጠራል፦ ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ ጥቅም አይሰጥም፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም በ5 ቀን ውስጥ መወሰድ አለበት። ልጅቱ ሳትታጠብ፣ ልብሷም ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ተጠቅልሎ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት። ከከማሺ ወይም ከጉባ ገጠር ሆስፒታል ድረስ ያለውን መንገድ ለሚያውቅ ሰው 72 ሰዓት አጭር ጊዜ ነው፤ ትራንስፖርቱን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ያልወሰነ ትምህርት ቤት አንድ ቀን ሙሉ በመሟገት ያልፈዋል። አዲስ አበባ ላይ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተጀመረው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሕክምናን፣ ፖሊስን፣ ዐቃቤ ሕግንና ምክርን በአንድ ጣሪያ ሥር ያመጣበት ምክንያት ልጅ በአራት ቢሮ እየዞረች አንድን ታሪክ አራት ጊዜ እንዳትናገር ነው። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትም ልጆች ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳያዩ በተለየ ክፍል ሆነው በካሜራ የሚመሰክሩበት ሥርዓት አለ።

ከዚህ በኋላ አብዛኛው ጉዳይ የሚሞትበት ቦታ ይመጣል፤ እሱም ሽምግልና ነው። የአጥፊው ቤተሰብ ሽማግሌ ይልካል፤ ከብት ወይም ገንዘብ ይቀርባል፤ ካልሆነም ልጅቱን ላግባት ይላል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ክስ እንዲቆም ያደርግ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትሄድ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ተኩሳ ገድላ ስትከሰስ፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በመዓዛ አሸናፊ መሪነት ተከራክሮላት ራሷን በመከላከል መሆኑ ተረጋግጦ ነፃ ወጣች፤ ታሪኩ በኋላ “ድፍረት” የተባለው ፊልም መነሻ ሆነ። ለውጡ በ1997ቱ ሕግ መጣ፤ ጋብቻ ከጠለፋ ተጠያቂነት አያድንም። በልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ጥቃት በግል አቤቱታ ብቻ የሚቀርብና በዕርቅ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም፤ ዐቃቤ ሕግ የሚከሰው ነው። ሽማግሌዎች የሁለቱን ቤተሰብ ደም መፋሰስ ለማስቀረት መምከራቸው የሚከበር ነው፤ ክሱን ሊያስቀሩ ግን አይችሉም፤ ርዕሰ መምህርም ቢሮውን የሽምግልና ቦታ ማድረግ የለበትም።

አሳዋቂነትን በተመለከተ ሕጉ ጠባብ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 ወንጀልን አለማሳወቅን የሚቀጣው በዋናነት ሞት ወይም የዕድሜ ልክ እስራት ለሚያስከትሉ ጉዳዮችና በሕግ ወይም በሙያ ደንብ የማሳወቅ ግዴታ ለተጣለባቸው ሰዎች ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ የሥነ ምግባር ደንብ ግዴታውን በግልጽ ሲጽፈው ብቻ ነው መምህሩ “አይመለከተኝም” ማለት የማይችለው። ደንቡ ለማን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ በጽሑፍ ነው ወይስ በቃል የሚለውን ሁሉ መያዝ አለበት፤ ወደ ወረዳው ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ወደ ፖሊስ የሕፃናት ጉዳይ ክፍል የሚደርስበትን መንገድ ጨምሮ።

ተጠርጣሪው መምህር ሲሆን ፈተናው ይበረታል። በአገሪቱ በየቦታው የሚታወቀው መፍትሔ ዝውውር ነው፤ ጉዳዩ ሳይጣራ መምህሩ ወደ ሌላ ወረዳ ይላካል፣ ጥፋቱም ከእርሱ ጋር ይዛወራል። ትክክለኛው መንገድ መምህሩን ወዲያውኑ ከልጆች ጋር ከሚያገናኝ ሥራ ማራቅ፣ ደመወዙን ሳይነኩ ጉዳዩን ለፖሊስ ማሳወቅ፣ ውጤቱን በማኅደሩ ላይ ማስፈር ነው። ይህ ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም፤ በሐሰት የተወነጀለ መምህርም ስሙ በተገቢ ምርመራ እንጂ በጸጥታ አይነጻም። አዲስ መምህር ሲቀበል ቀድሞ ያስተማረበትን ትምህርት ቤት ደውሎ መጠየቅ የርዕሰ መምህሩ ሥራ ነው።

የግጭት ትዝታ ያለባቸው ልጆች የተለየ ነገር አይጠይቁም፤ መደበኛ ቀን ይፈልጋሉ። በክፍል ፊት የልጅን ብሔር መጠየቅ፣ በመተከል የሆነውን እንዲተርክ ማስገደድ፣ በቅጽል ስም መጠራራትን ዝም ብሎ ማለፍ ቁስል መቀስቀስ ነው። ከሌላ ወረዳ የመጣ ተፈናቃይ ወይም ስደተኛ ልጅ መሸኛ ባይኖረውም መቀበል፣ ዕድሜውን በግምት ሳይሆን ከቤተሰቡ ጋር መርምሮ ክፍል መመደብ፣ ለጥቂት ሳምንታት ከሚያምነው ልጅ ጎን ማስቀመጥ ይረዳዋል። መስማትና ማየት የተሳናቸውና የአእምሮ ውስንነት ያለባቸው ልጆች ለጥቃት አብልጠው የተጋለጡ ስለሆኑ በመጸዳጃ ቤትና በመንገድ አብሯቸው የሚሆን ሰው ቀድሞ መመደብ አለበት።

የተጻፈው ሁሉ በተቆለፈ ሣጥን ይቀመጣል፤ ቁልፉን ተጠሪዋና ርዕሰ መምህሩ ብቻ ይይዛሉ፤ ጉዳዩ በመምህራን ማረፊያ ክፍል አይወራም። ልጁ ትምህርት ቤት ሲቀይር ከመሸኛው ጋር በታሸገ ፖስታ ለሚቀበለው ትምህርት ቤት ተጠሪ ይላካል። ልጅቱ የተዳረች፣ የወለደች ወይም ሕክምና ላይ የቆየች ብትሆንም የመመለስ መብቷ አይቋረጥም። የክፍሉ መምህር በሚቀጥለው ወር አዲስ መዝገብ ሲያዘጋጅ ስሟን አይሰርዝም፤ ረድፏን ባዶ አድርጎ ይተዋል፤ በተመለሰችበት ማለዳም ከሌሎቹ ስም ጋር ተራዋን ጠብቆ ይጠራታል።